ሁለተኛው ጥሪ

«ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ?» አለች እናቷ።

ሻጯ ስልኩን ከመስታወት ጠረጴዛው ላይ አንስታ አገላበጠችው። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፈገግታ የማይጠፋት ሴት ናት። «እትዬ፣ ዓሣ ሊያጠምዱበት ካልሆነ ውሃ ውስጥ ምን ያደርጋል?» አለችና ራሷ ሳቀች። እናትየው አልሳቀችም። ሻጯም ሳቋን ቶሎ ሰብስባ፣ ይኼኛው ስልክ ዝናብና ላብ እንደሚችል፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ዋስትናው እንደማይሸፍነው አስረዳች።

«ስለዚህ ይበላሻል።»

«ከቆየ ይበላሻል።»

«እሺ። ቢሰረቅስ?»

ልጇ አለቃ አጠገባቸው ባለው ክብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። እናቷ ዕቃ ስትገዛ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ድስት ስትገዛ እጀታው ተነቅሎ የፈላ ውሃ ሰው ላይ ሲደፋ ይታያታል። ጫማ ስትገዛ ሶሉ ተገንጥሎ ልጇ አስፋልት መሀል ስትደፋ ይታያታል። አባቷ «እናትሽ ገና ያልተወለደ አደጋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች» እያለ ይቀልድ ነበር። ያኔ አለቃ ከልቧ ትስቅ ነበር። አሁን አደጋው መጥቶ ሄዷል፤ እሱም የሚቀልድበት አፍ የለውም።

«አለቃ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። በአምስት ዓመቷ በር ላይ ቆማ «እጅህን ሳትታጠብ አትገባም» ትለው ስለነበር፣ «እሺ አለቃ» እያለ፣ ስሙ እዚያው ቀረ። አሁን አሥራ አራት ሞልቷት ትምህርት ቤትም ሰፈርም የሚጠራት በሱ ነው።

ወደ ሱቁ ያመጣቸው የድሮው ስልክ ነው። ባትሪው አብጦ የጀርባውን ክዳን ገፍቶታል፤ እናቷ ይፈነዳል ብላ ስለፈራች ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ከቤት አውጥታ መስኮት ደፍ ላይ ስታሳድረው ቆየች። በዚያ ላይ የሥራ ጓደኞቿ ሌላኛው ድርጅት ወር ሙሉ ያለ ገደብ የሚያስደውል ጥቅል እንዳለው ነግረዋታል። ስለዚህ ስልኩንም ድርጅቱንም በአንድ ቀን ልትቀይር ወስናለች። አለቃ እንዲህ ያለውን ቀን ዓመት ሙሉ ስትመኘው ኖራለች። ካሜራው ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል ቪዲዮ እንደሚይዝ፣ ሁሉንም አጥንታ ነበር። ዛሬ ግን እናቷ ሦስቱን ስልኮች ደርድራ «የቱ ይሻላል?» ስትላት «ደስ ያለሽን ውሰጂ» ብቻ አለቻት። እናቷ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትኩሳት ይኖርባት እንደሆነ አየች።

ሻጯ ወደ ጥቅሎቹ ገባች። አንደኛው በቅናሽ ነው፤ አንድ ቁጥር ይመረጣል፣ ለዚያ ቁጥር ቀንም ሌሊትም በነፃ ይደወላል፣ ለሌላው ግን ይከፈላል። ሁለተኛው ለሁሉም ያለ ገደብ ያስደውላል፤ ኢንተርኔቱ ትንሽ ነው። «ባለትዳሮች የመጀመሪያውን ነው የሚወዱት» አለች ሻጯ እስክሪብቶዋን እያዘጋጀች። «የባለቤትዎን ቁጥር ይንገሩኝና እመዘግበዋለሁ።»

እናትየው የሱቁን ጣሪያ አየች። ከዚያ ሁለተኛው እንዲሆን ጠየቀች። ሻጯ የሆነ ነገር እንደነካች ሳይገባት አልቀረም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቀች። የድሮው ቁጥር ወደ አዲሱ ድርጅት ይዛወር ወይስ አዲስ ቁጥር ይውጣ?

«አዲስ ይውጣ» አለች እናቷ።

አለቃ ቀና አለች። ይኼ ቤት ውስጥ አልተነሳም ነበር።

ሻጯም ገረማት። ዘመድ ወዳጅ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ባንኩ፣ ሁሉም የሚያውቀው የድሮውን እንደሆነ፣ ማዛወሩ ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ እንደማይጠይቅ፣ አንዴ ከተሰረዘ ግን ከሦስት ወር በኋላ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እንደማይመለስ ነገረቻት። እናትየው ሁሉንም በትዕግሥት ሰማች።

«ይኼ ቁጥር ምን ሠራልኝ?» አለች በመጨረሻ። «ሰው ሲጨንቀው የማይደውልበት ቁጥር፣ ምኑን ቁጥር ሆነ?»

ሻጯ ስለ ማን እንደምታወራ አላወቀችም። አለቃ ታውቃለች።

በነሱ ቤት ስልክ ጠርቶ መልእክት ያደርሳል እንጂ ብዙም አይወራበትም ነበር። አባቷ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር። ራቅ ካለ እርሻ ወይም ከተማ ሲጠሩት የመፍቻ ሳጥኑን ተሸክሞ ሦስት አራት ቀን ይሄዳል። ለወሬ ብሎ ሂሳብ መጨረስ ስለማይወድ ለቤቱ ሕግ አወጣ። አንድ ጊዜ ከጠራ «ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ» ማለት ነው፤ የተደወለለት ሰው ሳያነሳ ይዘጋበታል፣ መዝጋቱ ደግሞ «ሰማሁ» ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢያያቸው የተኳረፉ ሊመስሉት ይችላሉ፤ ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ ሲዘጋጉ። ወዲያው ተከትሎ ለሁለተኛ ጊዜ ከጠራ ግን ሚስኮል አይደለም፤ የምር ነው፣ ይነሳል። ሁለተኛ ጥሪ አልፎ አልፎ ብቻ ነበር የሚመጣው። አለቃ አንዱን ታስታውሳለች፤ ጎርፍ ድልድይ ወስዶበት ማዶ ያደረ ጊዜ።

እናቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋለች። ማሽን ላይ ስልክ መያዝ ክልክል ስለሆነ ስልኩ ቤት ይውላል። አለቃ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የስልኩ ኃላፊ እሷ ናት።

ያን ቀን ጠዋት አባቷ አንድ ጊዜ ጠራ፤ እናቷ ከቤት ሳትወጣ ስለነበር ራሷ ዘጋችበት። ደርሷል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አለቃና ሳቂታ የምትባለው ጓደኛዋ አልጋ ላይ ተደፍተው የዳንስ ቪዲዮ ሲያዩ፣ ስክሪኑ ተሸፈነና የአባቷ ስም ከነፎቶው ወጣ። አለቃ ቀዩን ነካችው። ቪዲዮው ተመለሰ። አንድ እርምጃ ሳይከታተሉ እንደገና ጠራ።

«ዛሬ ሰውየው ናፍቀሽዋል» አለች ሳቂታ።

አለቃ ሕጉን ታውቃለች። ሁለተኛ ነው። ግን የሚወዱት ክፍል ገና መምጣቱ ነበር። «ልብስ አስገቡ ሊለን ነው፤ ቆይ ይቺን እንጨርስ» ብላ እንደገና ቀዩን ነካችው። ሦስተኛ አልጠራም። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ደገሙት። መልሳ ልትደውል አስባ ረሳችው።

በማግስቱ ጠዋት የፓምፕ ጣቢያው ጥበቃ በሩን ሲከፍት አባቷን ጀርባውን ቧንቧው ላይ እንዳስደገፈ ሞቶ አገኘው። ልቡ ነው አሉ። ስልኩ ከእጁ አምልጦ ፊት ለፊቱ ካለው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ያወጡት ቢሆንም አልበራም። ሐኪሙ በድንገት እንዳልሆነ፣ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ሊሆን እንደሚችል ነገራቸው። እናቷ፣ ሰው ቢደርስለት ይተርፍ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና «ምናልባት» አለ። አለቃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የጥበቃው ማማ ከፓምፕ ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። የጣቢያው ቢሮ ስልክ ቁጥር ደግሞ በእናቷ እጅ ተጽፎ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

መርዶው የመጣ ጠዋት፣ እናቷ ዘመድ ለመጥራት ስልኩን ሳትወስድ በፊት፣ አለቃ ሁለቱን ጥሪዎች ከስልኩ ላይ አጠፋቻቸው። አስባበት አልነበረም። ጣቷ ቀደማት።

ለቀስተኛው ሲቀንስ እናቷ ለእህቷ ስታወራ አለቃ ከመጋረጃው ኋላ ሰማች። አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ኖረው፣ ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጦ፣ ስልኩ እጁ ላይ ሆኖ፣ አንዴ እንኳን አልጠራኝም አለች። «በመጨረሻዋ ሰዓት እኔ አልታሰብኩትም። ለማን ሊደውል እንደነበር ደግሞ ፈጣሪ ይወቅ።» አክስትየው እንዲህ አይባልም ብላ ተቆጣቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ የሱን የሥራ ካፖርት በማዳበሪያ ከረጢት አስራ ከአልጋው ሥር አስገባችው። ስሙ ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች። ለሁሉም ነገር ክፉውን ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ይኼን ክፉ አልጠበቀችውም ነበር።

አለቃ ለሳቂታ ብቻ ነገረቻት። ሳቂታ ዝም በይ አለቻት፤ ብትናገሪ እሱ አይመለስ፣ እናትሽ ባሏን አጥታ አንቺንም ነው የምታጣው አለች። ለማንም እንደማትተነፍስ ማለች። ቃሏንም ጠበቀች። ግን ከዚያ በኋላ ሁለቱ ፊት ለፊት መተያየት አቃታቸው፤ ሳቂታ ወንበር ቀይራ ከኋላ ተቀመጠች። ዝም ማለቱ መጀመሪያ የአንድ ቀን ነበር። ከዚያ ለቅሶው እስኪያልፍ ሆነ። ከዚያ ፈተና መጣ። ሦስት ወር ሞላ።

አሁን ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሻጯ የእናቷን መታወቂያ ኮፒ ልታደርግ ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ እስክሪብቶውን ይዛ ታነባለች፤ ምንም ነገር ሳታነብ አትፈርምም። አለቃ አንገቷን አስግጋ አየች። ከታች፣ ከፊርማው ቦታ በላይ፣ የቀድሞው ቁጥር እንዲሰረዝ መስማማቷን የሚገልጽ አንድ መስመር አለ።

ከፈረመች እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ አልደወለልኝም እያለች ትኖራለች። ታረጅና እንደዚያው ትላለች። ካልፈረመች ደግሞ የማትፈርምበትን ምክንያት አንድ ሰው ሊነግራት ይገባል። ያ ሰው ይኼ በርጩማ ላይ ነው የተቀመጠው።  አለቃ የሳቂታ ቃል ትዝ አላት፤ ባሏን አጥታ አንቺንም። ልክ ሊሆን ይችላል ብላ አሰበች። ልክ ቢሆንም።

«እማ፣ ውጪ እንውጣ።»

«አመመሽ?» እናቷ እስክሪብቶውን ጣለችው። «ቅድምም ፊትሽ ልክ አልነበረም። ሊያስመልስሽ ነው?»

«አላመመኝም። ሳትፈርሚ የምነግርሽ አለ።»

ከሱቁ በር ላይ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉ። ሰው ይወጣል ይወርዳል። አለቃ ጥጉ ላይ ቆማ ጫማዋን እያየች ጀመረች። አንዴ ከጀመረች በኋላ አላቆመችም፤ ቪዲዮውን፣ የመጀመሪያውን ጥሪ፣ ሁለተኛውን፣ ሳቂታ ያለችውን፣ እሷ ያለችውን፣ በማግስቱ ያጠፋችውን፣ ሁሉንም ነገረቻት። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

 «ደውሎ ነበር?» አለች እናቷ።

«አዎ።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

እናቷ ሳትጠርግ የትም የማትቀመጥ ሴት፣ ሰው በረገጠው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ሰዓቱን ጠየቀች። አለቃ አሥር ከሃያ እንደነበር ነገረቻት።

«አሥር ከሃያ» አለች እናቷ ለራሷ። «ያኔ ክር ተበጥሶብኝ ማሽኑን ስሳደብ ነበር።»

አለቃ ጥፊ ጠበቀች። ጩኸት ጠበቀች። ሁለቱም ቢመጡ ደስ ባላት። አልመጡም። እናቷ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ወደ መንገዱ ስታይ ቆየች።

«ሦስት ወር ሙሉ ሰውየውን ሳማው ከረምኩ» አለች። «ለማን ሊደውል ነበር እያልኩ። የሞተን ሰው። ልብሱን በማዳበሪያ አስሬ።» ከዚያ አለቀሰች፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ለቅሶ። አለቃ ይኼን አላሰበችም ነበር። ስለ ራሷ ጥፋት ስትናገር እናቷን በሌላ ጥፋት እንደምትወጋት አልታያትም። እጇን ዘረጋች። እናቷ እጁን መለሰችው፤ በኃይል ሳይሆን፣ የሞቀ ነገር እንደሚያርቁ።

«አሁን አትንኪኝ» አለች። «ግን የትም እንዳትሄጂ።»

አለቃ የትም አልሄደችም። አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ቆመች። አንድ ሰውዬ ይቅርታ ብሎ በመሀላቸው አለፈ።

ተመልሰው ሲገቡ እናቷ ቁጥሩ ይዛወር አለች።  ሻጯ የመጀመሪያውን ቅጽ ለሁለት ቀድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችና ሌላ አወጣች። እናቷ ከሦስቱ ስልኮች መሀል ያለውን በጣቷ አሳየች። ቢወድቅስ አላለችም። ስለ ቻርጀሩም፣ ስለ ዋስትናውም አንድ ቃል አልጠየቀችም። አለቃን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይኼ ነው።

አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እናቷ በመስኮቱ በኩል፣ የስልኩ ካርቶን ጭኗ ላይ። አራት ፌርማታ አለፉ። ከፊት ለፊት አንድ ሕፃን እያለቀሰ ነው፤ እናቱ ታባብላለች።

«የድሮው ስልክ ስክሪኑ ከላይ በኩል ተሰንጥቆ ነበር» አለች እናቷ በድንገት። ወደ አለቃ አላየችም። «ደግሞ ቪዲዮ ላይ ስትሆኚ ስሙ ደህና አይታይም። ፈጥነሽ ነው የዘጋሽው። የማታውቂው ሰው መስሎሽ ይሆናል።»

ድምጿ ለስላሳ ነበር፤ አለቃ ትንሽ ሆና ስትታመም የምታናግራት ዓይነት።

«ማን እንደሆነ አላየሽም። እንደሱ ነው አይደል?»

አለቃ ወዲያው ገባት። እናቷ እየጠየቀቻት አይደለም፤ እየለመነቻት ነው። መውጫ እያሳየቻት ነው። አንድ ጊዜ አንገቷን ብትነቀንቅ ይበቃል። ሁለቱም ይቀላቸዋል። አባትየው ደውሏል፤ ልጅቷ አላየችም፤ ማንም ማንንም አልበደለም። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚወራው እሱ ይሆናል፤ ለአክስትም፣ ለጎረቤትም። እናቷም ልታምነው ትሞክራለች። አለቃ ብቻ ታውቀዋለች፤ እንደገና ብቻዋን፣ ከዛሬ ሌላ ሦስት ወር፣ ከዚያም ሌላ።

ሕፃኑ ዝም አለ።

«አይ፣ እማ» አለች። «ስሙንም ፎቶውንም አይቻለሁ። ሁለተኛው እንደሆነም አውቄያለሁ።»

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ አዞረች። አለቃ ይቅርታ ልትል አፏን ከፍታ ተወችው፤ አሁን ይቅርታ ማለት አንድ ነገር ስጪኝ ማለት መሰላት፣ እናቷ ደግሞ ዛሬ የምትሰጠው የላትም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳትርቅ ሳትጠጋ፣ እንዳለች ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ትከሻቸው ይነካካል፤ ሲቃና ይለያያል።

የሚወርዱበት ፌርማታ ሲደርስ እናቷ በአለቃ ጉልበት በኩል አልፋ ቀድማ ሄደች። አለቃ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም፤ ተከተይኝ አልተባለችም። እናቷ በሩ ላይ ስትደርስ ብረቱን ይዛ ቆመች። ወደ ኋላ አላየችም። ግን አልወረደችም። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች በጎኗ እየተሾለኩ ወረዱ። ሹፌሩ በመስታወቱ ተመለከታትና «እናት፣ ይውረዱ እንጂ፣ ልንሄድ ነው» አላት።

«ልጅ አለችኝ» አለች እናቷ።

አለቃ የፊቱን ወንበር ተደግፋ ተነሳች።